ሰው አልባዋ ጀልባና የቦንጋው ሽማግሌ

ቦንጋ ውስጥ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ያላስታረቁት ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ጠብ የማያውቅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሽምግልና ግን ጡረታ የለውም። ከዋጫ ሳይቀር መኪና ይላክላቸዋል። ሺሺንዳ ላይ ሰባት ዓመት የተኳረፉ ሁለት ነጋዴዎችን በአንድ ከሰዓት አስታርቀው ተመልሰዋል።

ዘዴያቸው አንድ ነው። ጠበኞቹን ለየብቻ ይጠሩና በደሉ አነስ ያለውን ሰው «አንተ ቀድመህ ጥፋተኛው እኔ ነኝ በል» ይሉታል። ሰውየው ይቆጣል።

«ተበድዬ?»

«አዎ፣ ተበድለህ።»

በማግስቱ ሁሉም ሲሰበሰብ ያ ሰው ተነሥቶ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። ያኔ ዋናውን በዳይ ሐፍረት ይይዘዋል፤ «ኧረ የኔ ነው!» ብሎ ይነሣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መሳሳም ብቻ ነው። ዘዴው አንድም ቀን ከድቷቸው አያውቅም። ሲያወሩትም ትንሽ መኩራራት አለባቸው፤ እውነቱ መነገር አለበት።

ልጃቸው ሳሙኤል መርከበኛ ነው። ባሕር ከሌለው አገር፣ ያውም ከቦንጋ ጫካ መሀል መርከበኛ ይወጣል ብሎ ማን ገመተ? ባሕር ዳር ከተማ የመርከብ ትምህርት ተምሮ በውጭ አገር የጭነት መርከብ ላይ ሦስተኛ መኮንን ሆነ። እናቱ እትዬ በዛወርቅ ልጅዎ የት ነው ሲሏቸው ዛሬም «ውሃ ላይ» ነው የሚሉት።

አምና በጥቅምት፣ ጉም በበዛበት አንድ ጧት፣ ሳሙኤል በተራው መርከቡን እየመራ ጥበቃ ላይ ሳለ አንዲት ግራጫ ጀልባ መጥታ መርከቡን ከፊት ለፊቱ መታችው። መብራት አልነበራትም። በሬዲዮ ቢጠራት አልመለሰችም። ውስጧም ሰው የለም፤ የአንድ አገር ባሕር ኃይል በኮምፒዩተር የሚያሰማራት፣ ራሷን በራሷ የምትነዳ ጀልባ ነበረች። መርከቡ ፊት ላይ ገመድ ሲጠቀልል የነበረው አርናልዶ የሚባለው ፊሊፒናዊ የሳሙኤል ጓደኛ እግሩን አጣ።

መርከቡ ወደብ ላይ ታገደ፤ መርማሪዎችም ሳሙኤልን ቃልህን ጽፈህ ስጥ አሉት። ልጁ ጨነቀውና አባቱ ጋ ደወለ።

«አባባ፣ ያየሁትን ልጻፍ? ብጠራት ብጠራት ሳትመልስ የመጣችው እሷ ናት።»

«እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ጥፋቱ የኔ ነው በል፤ የሰው ደም ፈሷል። አንተ ዝቅ ስትል የላኳትም ሰዎች ዝም ብለው አይቀመጡም።»

«ሰዎቹ እኮ እዚያ አልነበሩም አባባ።»

«የትም ይኑሩ። ሰዎች አይደሉም እንዴ?»

የአባቱ ልጅ ነውና ሳሙኤል እንደተባለው ጻፈ፤ በግልጽ ቋንቋ፣ ስሙንና ፊርማውን አኑሮ።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስም የዚያኛውን ወገን ቃል መጠበቅ ጀመሩ። ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥ ተጋመሰ። እትዬ በዛወርቅ ምን አሉ ብለው ሲጠይቁ «እያፈሩ ነው፤ ሐፍረት ጊዜ ይወስዳል» ይሏቸው ነበር።

በጥር ውሳኔው መጣ። ሳሙኤል በስልክ የላከውን ወረቀት ያነበበችላቸው የወንድማቸው ልጅ ኮከብ ናት፤ በዞኑ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በሕግ ባለሙያነት ትሠራለች። ሁለት ጊዜ ለራሷ አንብባ በሦስተኛው ጮክ ብላ አነበበችው። የጀልባዋ የጉዞ መዝገብ የጦር ምስጢር ስለሆነ አይሰጥም። የሰው አልባ መርከቦች ደኅንነት ደንብ ገና እየተረቀቀ ነው፤ ቢጸድቅም የባሕር ኃይል ጀልባዎችን አይመለከትም። ስለዚህ የተመረመረው በጥበቃ ላይ የነበረው መኮንን ብቻ ነው። እሱም ጥፋቱን በጽሑፍ አምኗል። የመኮንንነት ፈቃዱ ተሰርዟል።

«በዚያ በኩል የፈረመው ማነው?» አሉ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ።

«ፊርማ የለም ጋሼ። ማኅተም ብቻ ነው።»

«ጀልባዋን የላካትስ?»

«ስም አልተጠቀሰም።»

«እሺ፣ ዕለቱን ሲያያት የዋለው?»

ኮከብ ራሷን ነቀነቀች። «ማንም አያያትም ነበር ነው የሚለው። ራሷ ናት የምታየው።»

በአንድ እጅ አይጨበጨብም ይባላል። ይህን ተረት ለስንቱ ተርተውለታል! የገዛ ልጃቸውን ግን አንድ እጁን አየር ላይ እንደዘረጋ አስቀሩት። ተናደዱ፤ የሚናደዱበት ሰው ግን አልነበረም። ማንን ሂደው ደጅ ይጥኑ? የማንን ቤተ ዘመድ ይለምኑ?

ኮከብን አስቀምጠው ለመርማሪዎቹ ደብዳቤ አጻፉ። «ልጄ ያን ቃል የጻፈው እኔ አስገድጄው ነው፤ በአገራችን ልማድ ቃሉ የእርቅ መክፈቻ እንጂ የጥፋት ማመኛ አይደለም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ደግመው ያንኑ! ኮከብ ቀና ብላ አየቻቸውና ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለት መስመር መልስ መጣ። ደብዳቤውን የጻፉት ሰው የጉዳዩ ተከራካሪ ወገን ስላልሆኑ ማመልከቻቸው አይታይም፤ ይግባኝ ማለት የሚችለው መኮንኑ ነው፤ የይግባኙም ጊዜ አልፏል።

ሳሙኤል እሑድ፣ ወላጆቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደወለ። ወደ አገር የመመለሻ ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ወደብ ከተማ የመርከበኞች ማረፊያ ውስጥ ነው። ድምፁ ዝግ ብሏል።

«አርናልዶ ስልኬን አያነሣም» አለ። «የጻፍኩትን አንብቦታል።»

«ደውልለትና አስረዳው እንጂ ልጄ! እኔ እንዳዘዝኩህ ንገረው።»

«አባባ...» አለ። «እኔም እንደሱ ማሰብ ጀምሬያለሁ። መርማሪዎቹ ያን ቃሌን ስንት ጊዜ አስነበቡኝ መሰለዎት። ምናልባት አይቻት ነበር ይሆን? አይቻት ዝም ብዬ ይሆን?»

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ስልኩን ለእትዬ በዛወርቅ ሰጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።