የአድሚራሉ ጠረጴዛ

ልጅ ሳለሁ፣ ኦስሎ ውስጥ ሃውገሩድ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ እናቴ ቢሮ ስታጸዳ ስለምታመሽ ራቴን የምበላው ብቻዬን ነበር። ከምድጃው በላይ ያለችውን ትንሽ መብራት ብቻ አበራለሁ፤ ትልቁ ሲበራ ባዶዎቹ ወንበሮች ሁሉ ይታዩኝ ነበርና።

እናቴ አደራ ያለቻቸው ላይኛው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩትን ጋሽ መኩሪያን ነው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ኦስሎም እኮ ባሕር አለ ስላቸው፣ «ይሄማ የቀዘቀዘ ሾርባ ነው» ብለው ያጣጥሉታል። ማታ ማታ መብላት ስጀምር ወርደው ይመጡና ኮፍያቸውን ሳያወልቁ፣ የወጥ ቤቱን በር ተደግፈው እንደቆሙ ያወሩልኛል። መርከበኛ መቆም ይወዳል ብዬ ነበር የማስበው።

ተረታቸው አንድ ነበር፤ ምጽዋ ወደብ ከቆመች የእንግሊዝ መርከብ ላይ ከነበረ ሽማግሌ የሰሙት፣ የአንድ እንግሊዛዊ አድሚራል ታሪክ። ሰውዬው በልጅነቱ መርከብ ሲሳፈር ከታች፣ ጭስና ላብ በሚሸትበት ክፍል፣ ከእኩዮቹ ጋር በክርን እየተገፋፋ ይበላ ነበር። መኮንን ሲሆን ከመኮንኖቹ ጋር እየተሳሳቀ በላ። የመርከብ አዛዥ ሲሆን ግን የራሱ ክፍል፣ የራሱ ምግብ አብሳይ፣ የብር ማንኪያ ተሰጠው፤ ፊት ለፊቱ የሚቀመጥ ሰው ግን አልነበረም። የመርከብ ደንብ ነዋ! አዛዡ ራሱ ካልጋበዘ በቀር ማንም አብሮት አይቀመጥም። ማዕበል ተሻገረ፣ ጦርነት አሸነፈ፣ አድሚራል ሆነ፤ ማዕረጉ በጨመረ ቁጥር ማዕዱ ጭር አለ።

እኔ ያኔ ይሄን እንደ ክብር ወሰድኩት። ትምህርት ቤት ከቤት የቋጠርኩትን ምሳ፣ ኖርዌጂያኖቹ ማትፓኬ የሚሉትን፣ ስከፍት አጠገቤ የሚቀመጥ ሲጠፋ ወገቤን ቀጥ አድርጌ፣ አድሚራል ነኝ እል ነበር።

አንድ ምሽት ግን ተረቱ መጨረሻው ላይ ደረሰ። አድሚራሉ ጡረታ ሊወጣ ሲል፣ መርከቧ ላይ የመጨረሻ ራቱ ቀረበለት። ከግድግዳው ወዲያ መኮንኖቹ ሲስቁ ይሰማዋል። እነሱ ብቻውን መሆን ይወዳል ብለው፣ እሱ ደግሞ አይፈልጉኝም ብሎ፣ ዕድሜው አለቀ።

«ለምን አልጠራቸውም?» አልኳቸው።

«እምቢ እንዳይሉት ፈርቶ ይሆናላ።»

«ናይ፣ አይሆንም፣ ጋሼ! አንድ ሰው እንኳን?»

«አንድም አልጠራም።»

ሹካዬን አስቀምጬ አለቀስኩ። «እኔም ጋ ማንም አይመጣም» አልኩ።

ጋሽ መኩሪያ አላባበሉኝም። «አድሚራሏ አንቺ ነሽ፤ ካልጠራሽ ማን ይመጣል?» አሉኝ ቆጣ ብለው።

ያኔ ነው በደንብ ያየኋቸው። ያን ሁሉ የብርድ ወር፣ እኔ ስበላ፣ እሳቸው በር ላይ ቆመው ነበር።

«ጋሼ፣ በልተዋል?»

ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ና ቁጭ በል!» አልኳቸው፣ እንደ አድሚራል።

እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጡኝና ወንበር ሳቡ። እኔም ተነስቼ ትልቁን መብራት አበራሁ። በማግስቱ ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ጠራሁ፤ እምቢ አለችኝ። በኋላ ሌላዋን ስጠራ ግን መጣች።

ዛሬ ጋሽ መኩሪያ ያሉት አረጋውያን መጦሪያ፣ እዚህ ሲኬየም የምንለው ቦታ ነው። ሠራተኞቹ፣ እሳቸው ጸጥታ ይወዳሉ ብለው፣ በምግብ ሰዓት መስኮት ሥር ለብቻቸው ያስቀምጧቸዋል። የአድሚራሉ ጦርነቶች ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፍተዋል፤ የቀረልኝ ያ ጠረጴዛ ነው። እሑድ እሑድ ስሄድ የመመገቢያ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሳይጋብዙኝ አልቀመጥም። አንዳንዴ ብዙ እቆማለሁ። ባለፈው ሳምንት ማን እንደሆንኩ አላወቁኝም፤ ትክ ብለው ካዩኝ በኋላ ግን ባዶውን ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ።

«በልተሻል?» አሉኝ።

አልበላሁም ነበር።