ስቱኮ ወይስ ማስቲሽ

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አሰብ ውስጥ የምይዘው የምጨብጠው ያጣሁበት ጊዜ ነበር። ጠዋት ሱቅ፣ ከሰዓት ሱቅ፤ ከአባቴ ጋር ሳሙናና ስኳር መሸጥ ነው። ሌላውን ሰው ሙቀቱ ያፈዘዋል፤ እኔን ያቅበጠብጠኛል።

አባቴ ከአንድ ጡረተኛ የገዛት አሮጌ ሰይቼንቶ መኪና ነበረችው። የባሕሩ ጨው ወለሏን ስለበላው ጋራዥ አስገባት። «እሷ ትጠገን እንጂ ደሴ እወስድሻለሁ፤ አክስትሽ ዘንድ ሆነሽ ኮሌጅ ትገቢያለሽ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጋራዡ አልጠፋ አልኩ።

ባትላሜራ የሚሠሩት ሽማግሌ የበሰበሰውን ቆርጠው አዲስ ላሜራ በየዱ። የቀረው የመገጣጠሚያዎቹን ቀዳዳ የሚደፍን ነገር መምረጥ ነበር። ሲሊኮኑን ወዲያው ተውነው፤ ላዩ ላይ ቀለም አይዝም። ሽማግሌው የለመዱት ስቱኮ ነው። ስቱኮ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ያምራል፣ ሩቅ መንገድ ሲያንገጫግጨው ግን ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል። እኔ ደግሞ ወደቡ አጠገብ ካለ መደብር የቱቦ ማስቲሽ አመጣሁ። እሱ ደርቆም እንደ ጎማ ይሳባል፣ ቀለምም ይቀበላል።

«ኢንጂነሯ መጣች!» አሉኝ ቱቦውን ሳሳያቸው። «ለመሆኑ አሰብ ላይ ዝናብ የት አይተሽ ነው?»

«ደሴ ይዘንባል።»

በማግስቱ ከአባቴ ጋር ስንመጣ ሽማግሌው ስቱኮውን ከማድረቂያው ጋር ለውሰው ሰሌዳ ላይ ይዘውታል።

«ሐጂ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ መኪናዋ የት ነው የምትሄደው?» አሉት አባቴን።

«የት ትሄዳለች? ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ መስጊድ።»

«እንግዲያው ስቱኮ ይበቃታል።»

ደሜ ፈላ። «ደሴስ?» አልኩት አባቴን።

«ኢንሻአላህ።»

«ቁርጡን ንገረኝ! እሄዳለሁ ወይስ አልሄድም?»

«ሰው ፊት አትጩሂብኝ።»

«የምን ሰው? እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«እኔም ሰው ነኝ እኮ» አሉ ሽማግሌው።

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ከሄድሽ እኔ ከማን ጋር ልቀመጥ?»

እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ላዝንለት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን አፌ ላይ የመጣውን ለቀቅኩት፦ «ብቻህን እንዳትሆን ብዬ እዚሁ ልቅርልህ?»

ሽማግሌው ሰሌዳውን በመዶሻቸው ኳ ኳ አደረጉት። ስቱኮው ደርቋል። «ይኸው! የእናንተን ጭቅጭቅ ስሰማ እቃዬ ተበላሸ። ተስማሙና ጥሩኝ።»

አባቴ አጎንብሶ አዲሱን ወለል በጣቱ ዳሰሰ። ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው እየሄደ ብዙ ቆየ። አዛን ሲሰማ ቀና አለ፤ እኔን ሳያየኝ ለሽማግሌው ነገራቸው።

«በማስቲሹ ያድርጉት። ጥጋጥጉን በደንብ ይሙሉልኝ፤ ኮምቦልቻ ላይ ዝናቡ አይጣል ነው።»

ብሎ ወደ መስጊድ ሄደ። እኔ ደስታዬን ትቼ፣ ሰግዶ ሲመለስ ሐሳቡን ይቀይራል ብዬ ፈራሁ። የቱቦውን አፍ በቢላዋ ቆርጬ ሰጠኋቸው። «ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ!»

«ይሄ ጥድፊያ አይወድም፣ ልጄ» አሉኝ።

የመጨረሻው መገጣጠሚያ እስኪሞላ ድረስ ዓይኔን ከበሩ ላይ አልነቀልኩም።