ከጋራው ጀርባ ያለው አረንጓዴ

ጡረታ የወጡት ቀያሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አገር ሲለኩ ኖረው የተረፋቸው አልታጠፍ ያለ ጉልበትና ሳሎን ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለ አንድ የድሮ ካርታ ነው። ጋራውን፣ ወንዙን፣ ደኑን ይዟል፤ ከታች ጥጉ ላይ ፊርማቸው አለበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ባለቤታቸው፣ "ተቀመጡ፣ የካርታው ስብከት ሊጀመር ነው" እያሉ ያሾፉባቸዋል።

ባለፈው ሳምንት የመጣችው እንግዳ ግን አልተቀመጠችም። ከጋራው ጀርባ የምትኖር ገበሬ ናት፤ በደን ጽሕፈት ቤቱ ባለው የካርታው ቅጂ ላይ ፊርማቸውን አይታ፣ አጠያይቃ ነው ያገኘቻቸው። ጽሕፈት ቤቱ መንደሯን ሊያስነሳ ነው። በካርታው ላይ ቦታው ደን ስለሆነ፣ "ከዚያ ወዲህ መንጥራችሁ የሰፈራችሁ ናችሁ" ተብለዋል።

"አባቴ እዚያው ተወልዶ እዚያው ነው የሞተው። አባባ፣ ያን ጊዜ አይተውናል አይደል?"

አላዩም። ደግሞ እኮ ሰነፍ ሰው አልነበሩም። ግን ጋራውን በቀየሱበት ዕለት ዝናቡ አላባራ አለ፣ ጉልበታቸውም ዛለ፤ ጋራው ሥር ቆመው፣ "መቼም ከወዲያም ይኸው ዛፍ ነው" አሉና ቀሪውን አረንጓዴ ቀቡት። የጠየቃቸው የለም። እሳቸውም ሆድ ይፍጀው ብለው አርባ ዓመት ኖሩ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ማለት ይኼ ነው። ሴትዮዋን ቀና ብለው ማየት አፈሩ።

በማግስቱ ካርታውን ከነመስታወቱ ታቅፈው፣ ሦስት ቦታ እያረፉ ጽሕፈት ቤቱ ደረሱ።

"ይሄ ስሕተት ነው" አሉት ኃላፊውን። "ከጋራው ወዲያ አልሄድኩም። በግምት ነው የቀባሁት።"

ወጣቱ ኃላፊ ወንበር ሳበላቸው። "አባቴ፣ አርባ ዓመት እኮ ነው፤ ሰው ይረሳል። ካርታ ግን አይረሳም።"

"የሠራሁት እኔ ነኝ እያልኩህ! ፊርማው የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው። እሱን አምነን አይደል የምንሠራው?"

ቀያሹ ዕድሜ ልካቸውን ሥራቸው እንዲታመን ነበር የተመኙት፤ ዛሬ ታመነ፣ የሚያምናቸው ግን ጠፋ። ድካማቸው ሁሉ አንድ ላይ ተጫናቸው።

"እንግዲያው ነገ አብረን እንሂድና በዓይንህ እየው" አሉ በመጨረሻ።

"መኪናው ጋራው ሥር ነው የሚቆመው። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ እርስዎ አይችሉትም።"

"አውቃለሁ" አሉ ጉልበታቸውን እያሹ። "ያን ጊዜም የቆምኩት እዚያው ነው። በስንት ሰዓት እንነሳ?"