አጃቢዎቼ ቀድመውኝ ገቡ

ደባርቅ ላይ ሒሳብ እያስተማርኩ ለማስተርሴ የመረጥኩት ርዕስ፣ ተዋጊ ጄቶች ቦምብ ጣይ አውሮፕላንን እንዴት ቢያጅቡ እንደሚሻል በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ማጥናት ነበር። በከተማችን ሰማይ ላይ ከጭልፊትና ከጥንብ አንሳ በቀር ሲበር የሚውል ነገር የለም። መብራት በጠፋ ቁጥር ውጊያዬ ይቋረጥና ጠላትም ወገንም ላፕቶፔ ውስጥ አብረው ይተኛሉ። አንደኛ ሚዜዬ እንዲሆን የለመንኩት የስፖርት መምህር ጓደኛዬ "አጃቢ" የሚለውን ቃል ሲሰማ፣ "የማንን ሰርግ ነው የምታጠናው?" አለኝ።

ሳቅሁ እንጂ ነገሩ ውስጤ ገባ። ሰርጌ ደርሷል። ሙሽራዬን የማመጣው ከዳባት ነው፤ የእሷ ዘመዶች ደግሞ በር ላይ ቆመው ሙሽራ ካላንገላቱ ልጅ የዳሩ አይመስላቸውም። በሲሙሌሽኔ አጃቢዎቹ ቦምብ ጣዩ ጎን ተለጥፈው ሲበሩ ጠላት ይቀድማቸዋል፤ ቀድመው ሄደው መንገዱን ሲጠርጉለት ግን በሰላም ይደርሳል። እናም ሚዜዎቼን፣ "እናንተ ቀድማችሁ በሩን አስከፍቱ፤ እኔ ከኋላ እደርሳለሁ" አልኳቸው። እቅፍ አበባውንም ለአንደኛ ሚዜዬ አስያዝኩት፣ እጄ ባዶ እንዲሆን። ባዶ እጅ ለምን እንዳስፈለገኝ እግዜር ይወቅ።

በሰርጉ ቀን ሙሽራዋ ቤት ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ከጃናሞራ የመጡ፣ መልኬን አይተው የማያውቁ የሙሽራዋ አጎት ዱላቸውን አጋድመው ቆመዋል።

"አባባ፣ ሙሽራው እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"ሙሽራውማ አበባውን ታቅፎ ገባ፤ ይኸው እየበላ ነው። አንተ የየትኛው ሰርግ ነህ፣ ልጄ?"

በመስኮት አጮለቅሁ። የስፖርት መምህሩ የእኔ ወንበር ላይ ተሰይሞ፣ አፉ በጥብስ ተሞልቶ፣ እጁን አውለበለበልኝ። ጠላት ፍለጋ የላክኋቸው የቀሩት ሚዜዎች ደግሞ ጠላ ላይ ተሰማርተዋል።

በሙሽራ ሱፌ ብቻዬን ወደ ደባርቅ ስመለስ ታየኝና እንባዬ መጣ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ያኔ በጓዳው በር ሙሽራዬ ቬሏን ሰብስባ ብቅ አለች።

"ስጠብቅህ ስጠብቅህ እኮ ሰለቸኝ!" አለችና እጄን ያዘችኝ። "አጎቴ፣ ይኼኛው ነው የእኔ።"

"ታዲያ ያ የሚበላው ማነው?" አሉ፣ ዱላቸውን እያነሱ።

ያን ሁሉ ወር ኮድ ስጽፍ፣ ዒላማው ራሱ ከቦታው ተነስቶ ቦምብ ጣዩን እጁን ይዞ ያስገባዋል የሚል አንዲት መስመር እንኳ አልጻፍኩም ነበር።