ከሐርላ ሥር ያየኋት ከተማ

በድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ በረደኝ። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ለፈተና አጠና ነበር። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ መጀመሪያ በራሴ ሳቅሁ። ልነሳ ስል ግን ዛፉን ይዤ ቀረሁ።

የማጠናው በፈረንሳይኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ነበር። አንድ መንገደኛ ከምድር በታች የተደበቀች ከተማ ሲፈልግ ይተርካል። እኛ አራት ተማሪዎች፣ መጽሐፉ አንድ። ስለዚህ መምህራችን ስፌቱን ፈትተው ከአራት ከፈሉትና በየሳምንቱ እየተቀያየርን እናነብ ጀመር። እኔ ሦስተኛውን ክፍል ጨርሻለሁ፤ መንገደኛው ገና የከተማዋን በር መግፋቱ ነው። የመጨረሻው ክፍል ጓደኛዬ አብዲ ዘንድ ነበር።

እናቴ ክሊኒክ ወሰደችኝ፤ ሐኪሙ ከጣቴ ደም ወስደው በማይክሮስኮፕ አዩ፤ ሆዴንም ዳሰሱ። "ወባ ነው፤ ጣፊያህም አብጧል" አሉኝ። ለሦስት ቀን የሚዋጥ ክሎሮኪን ሰጡኝና "ትኩሳቱ ቢለቅህም እንዳታቋርጥ" ብለው አስጠነቀቁኝ።

የዚያን ዕለት ትኩሳቱ ሲያይልብኝ ከተማዋን አየኋት። ከሐርላ ሥር ነበረች። ሐርላ የእናቴ አገር ነው፤ ልጅ ሳለሁ እዚያ ባለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ላይ ቁጭ ብዬ ከሥሬ ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ለካ ይኖራል። መንገዱ እንደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ለስላሳ ነው፤ ግድግዳው ከውስጥ ያበራል፤ ማንም አይቸኩልም። አንዲት ሴት እጄን ይዛ ወደ ውስጠኛው በር ስትወስደኝ ኪኒኑ ሠራ መሰለኝ፣ ላብ አጠመቀኝና ከተማዋ ጠፋች። እንደዚያ ቀን ተቆጭቼ አላውቅም።

ስለዚህ ታላቁን ስህተት ሠራሁ። ለእናቴ ዋጥኩ እያልኩ የቀሩትን ኪኒኖች ከፍራሼ ሥር ባኖርኩት የመጽሐፉ ክፍል ቅጠሎች መካከል ሸጎጥኳቸው። የታሪኩን መጨረሻ ትኩሳቱ እንዲያሳየኝ ፈልጌ ነው።

ትኩሳቱ ተመለሰ። ከተማዋ አልመጣችም። ጨለማ ብቻ። እናቴን "አንቺ ማን ነሽ?" አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ አላስታውስም።

ሆስፒታል በመርፌ ነፍሴን መለሱልኝ። ሐኪሙ ለእናቴ "አንድ ቀን ብትዘገዪ ኖሮ አናተርፈውም ነበር" ብለዋታል።

ቤት ስገባ ደግሞ ወባው እንዳያገረሽብኝ ለአሥራ አራት ቀን የሚዋጥ ፕሪማኪን ታዘዘልኝ። እናቴ ፍራሼን ፀሐይ ላይ ልታሰጣ ስታነሳ የደበቅኳቸውን ኪኒኖች አግኝታቸው ኖሯል። አብዲ የመጨረሻውን ክፍል ይዞ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ከእጁ ተቀበለችና፣ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ፣ ቅጠሎቹን ቅደም ተከተላቸውን ሳታዛንፍ አሥራ አራት ቦታ ከፍላ እያንዳንዱን በክር አሰረች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ፊቴ ትቆማለች።

"አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ። ወላሂ፣ ካልዋጥክ ዛሬ ንባብ የለም!"

"አቦ፣ እናትህ ከመምህሩም ትብሳለች!" ይላል አብዲ።

እኔም እየዋጥኩ፣ የዕለት ድርሻዬን እያነበብኩ፣ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ ግቢው፣ በኋላም ግድግዳ ሳልደገፍ እስከ መንገዱ መሄድ ቻልኩ።

በአሥራ አራተኛው ቀን የመጨረሻውን ክር ፈትታ ሰጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። አንብቤ ስጨርስ "ልጁ ወጣ?" አለችኝ። መንገደኛውን "ልጁ" ነበር የምትለው።

"ወጣ እማ። ቤቱ ገባ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለችና ክሩን ጠቅልላ ተነሳች።

ሐኪሞቹን አመሰግናለሁ፤ አብዲንም። እናቴን እንዴት እንደማመሰግን እስከ ዛሬ አላውቅበትም። ዛሬ በወባ እየተንቀጠቀጣችሁ ይህን የምታነቡ፣ ኪኒናችሁን እስከ መጨረሻዋ ዋጡ፤ የዳናችሁ የመሰላችሁ ቀን በተለይ አትተዉ። ትኩሳት የሚያሳያችሁ ቢያምርም አትከተሉት።

ፈተናው ላይ በመጽሐፉ ያለውን ጻፍኩ፤ እዚያ መንገደኛው ከምድር በታች ቀርቷል። እናቴን ግን አልዋሸኋትም፤ ልጇ ወጥቶ ቤቱ ገብቷል።