አበባው የወረደበት ወንበር

አክስቴን ባልደረቦቿ «እትዬ ሙጫ» ይሏታል። የደረቁ ዕፅዋትን ወፍራም ወረቀት ላይ ስትለጥፍ፣ ማንም ያልገለጻቸውን አጥንታ ስም እየሰጠች ስትገልጽ ነው የኖረችው። ስሙ የወጣላት ግን በዚህ ብቻ አይደለም። የያዘችውን ስለማትለቅም ነው፤ ይህን ፊቷ ላይ አይናገሩትም።

የምትሠራበት ክፍል ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነው። የብረት ቁም ሳጥኖቹ ጣሪያ ይነካሉ፤ ሲከፈቱ የብል መድኃኒቱ ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ የእሷ ነው። አጉሊ መነጽር፣ ወረንጦ፣ ጫፉ የተሰበረ ማስመሪያ፣ ከዚያ ደግሞ አልኮል የተሞላ ብልቃጥ። ብልቃጡ ውስጥ ቀለሙ የለቀቀ የዱር ዝንጅብል አበባ ይንሳፈፋል። ጽዳት ሠራተኛዋ ጠረጴዛውን ስትወለውል ብልቃጡን ዞራ ታልፈዋለች።

ባሏ የደን ጠባቂ ነበር። ዝንጅብሉን መጀመሪያ ያየው እሱ ነው፤ ሽንቱ መጥቶበት ከመንገድ ወጣ ሲል። አበባው ከቅጠሎቹ ርቆ፣ ከመሬት ውስጥ የወጣ ቀይ ጡጫ ይመስላል፤ ከመሃሉ ቢጫ ከንፈር ይዘረጋል። «ልሸናበት ስል ምላሱን አወጣብኝ» ብሎ ሲነግራት ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሷም ወሬውን ለኃላፊዋ አደረሰች። ያንን ዛሬም ስታስበው ከንፈሯን ትነክሳለች።

ኃላፊው ሾፌሩንና ባሏን ይዞ ተራራ ወጣ። አክስቴ ዕፅዋቱን ለመቀበል ቢሮ ቀረች። የዝንጅብል አበባ እንደ ሌላው በጋዜጣ መሃል ተጭኖ አይደርቅም። ጠዋት ይፈነዳል፣ ማታ እንደ ሾርባ ይሟሟል። ስለዚህ እንደተቆረጠ አልኮል ውስጥ መግባት አለበት። አልኮሉን ግን ኃላፊው ቢሮ ረስቶት ሄዷል።

ሊወርዱ ዋዜማ ላይ ባሏን እርጥብ ድንጋይ አንሸራትቶት በጎኑ ወድቆ ነበር። ሲነጋ ፊቱ አመድ መሰለ። መኪናዋ ጋቢናዋ ከሾፌሩ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ኋላዋ ክፍት የሆነች አሮጌ ፒካፕ ናት። የታመመ ጎን ኋላ ላይ ሆኖ ያንን መንገድ አይችለውም፤ አበባውም ኋላ ከተጫነ ፀሐይና ነፋስ ይጨርሱታል። የቀረው አንድ ወንበር ነው። ኃላፊው አበቦቹን ከነቅጠሉና ከነሥሩ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው፤ ባሏን «መኪናው ነገ ይመለስልሃል» ብሎት ወረደ።

አክስቴ አበቦቹን በደስታ እየሳቀች አልኮል ውስጥ ከተተቻቸው። «ባለቤቴስ?» አለች።

«ትንሽ ጎኑን አሞታል፣ ነገ ይመጣል» አላት።

በማግስቱ መኪናዋ ሬሳ ይዛ ወረደች። ውስጥ ውስጡን ደም ፈሶት ነበር። አክስቴን ከሞቱ እኩል የሚያንገበግባት ያ ደስታ ነው፤ እሱ እዚያ ሲያቃስት እሷ እዚህ የአበባ ከንፈር እየለካች ስትስቅ ማምሸቷ።

ለቅሶው ሲበተን ሾፌሩ በር ላይ ቆመ። «እትዬ፣ እንዲወስደው ለምኜዋለሁ። 'አበባው ነገ አይኖርም፣ ሰው ነገም ይኖራል' አለኝ። እኔም ሞተር አስነሳሁ። ምነው እጄ በተቆረጠ።»

«እጅህን ተወው» አለችው። «ይህን የሰማ ጆሮህን ብቻ ጠብቅልኝ።»

ከሰሰች። አደጋ ነው ተባለ። ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች፤ ለኃላፊው በየጠዋቱ እንደምን አደሩ ማለቷንም ቀጠለች። ጎረቤቶቿ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ሲመክሯት «እኔ አልጸልይ፣ አልሰርቅ። ሳሌን እንኳ ልሳልበት» ትላቸው ነበር። ዝንጅብሉን ግን አልገለጸችውም። ብልቃጡ ዓመታት ጠረጴዛዋ ላይ ቆየ።

ኃላፊው ጡረታው ሲቃረብ አንድ ነገር ያንገበግበው ጀመር። በሕይወቱ ለሚኒስትርም፣ ለእርዳታ ሰጪም፣ ለአማቱም ሳይቀር በስማቸው ተክል ሰይሟል። ለእሱ ግን የሰየመለት የለም። በራስ ስም መሰየም ነውር ነው፤ ሌላ ሰው ነው የሚሰጥህ። በዚያ ቤት ደግሞ የቆየ ደንብ አለ፤ ስሙ የሚሰጠው ሰው ጽሑፉን ታትሞ እስኪወጣ አያነብም። ልየው ካለ፣ በገዛ አፉ «ለእኔ ነው አይደል?» እንዳለ ይቆጠራል።

አንድ ቀን ጠረጴዛዋን ተደግፎ ብልቃጡን አየ። «ያቺ ዝንጅብል አላለቀችም?»

«እየጨረስኳት ነው።»

«ስም አሰብሽላት?»

«አስቤያለሁ።»

ፈገግ አለ። «እንግዲህ እኔ አልጠይቅም። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ። ግን ስምዎ ይገባል።»

ያኔ ሥራ ጀመረች። የደረቀውን ቅጠል በፈላ ውሃ አለዘበች፣ ጀርባው ላይ ያለውን ፀጉር በአጉሊ መነጽር አየች፣ የከንፈሩን ሐምራዊ ሰንበር ያን ምሽት ከያዘችው ማስታወሻ ሣለች። ሥሩ ሲቆረጥ በርበሬና ሎሚ እንደሚሸትም ከዚያው ጻፈች። አንድም የቁጣ ቃል አልጨመረችም። «ስድብ ከገባበት አርታኢው ይሰርዘዋል» አለችኝ፤ «እውነትን ግን ምን ብሎ ይሰርዛል?»

ጽሑፉን ወደ መጽሔት ለመላክ የኃላፊው ፊርማ ያስፈልጋል። ገጾቹን በሙሉ ደፍታ የፊርማውን ገጽ ብቻ ከላይ አድርጋ አቀረበችለት። የተደፉትን በጣቱ መታ መታ አደረገና «አላየሁም» አለ እየሳቀ። ፈረመ።

የስንብቱ ቀን አዳራሹ በኬክና በለስላሳ መጠጥ ተሞላ። አክስቴ መጽሔቱን ከነፖስታው ሰጠችው። ቀደደው፣ መነጽሩን አደረገ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። የቅጠሉን ርዝመት ዘለለ፣ የአበባውን ቀለም ዘለለ፣ የስሙ ምክንያት ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይህ ዝርያ የተሰየመው መጀመሪያ ባየው የደን ጠባቂ ስም ነው...»

ቆመ። የባሏ ስም እዚያ ነበር፤ የላቲን ጅራት ተቀጥሎለት፣ ከነሙሉ ክብሩ።

ከበሩ አጠገብ ሾፌሩ «ይቀጥሉ እንጂ ጌታዬ» አለ። «ሁለት መስመር ቢቀርዎት ነው።»

ኃላፊው መጽሔቱን አጠፈው። የቀረውን አክስቴ በቃሏ ወጣችው፤ ድምጿን ከፍም ዝቅም አላደረገች። «ጠባቂው ጎኑ ተጎድቶ ሳለ፣ አበቦቹ በመኪናው ወንበር ላይ እንዲወርዱ በናሙና ሰብሳቢው ትእዛዝ ተራራው ላይ ቀርቶ ሞቷል። ሰብሳቢ...» ብላ የኃላፊውን ስም ከነአባቱ፣ ከነማዕረጉ ጠራች። ኬክ የሚቆርጠው ሰው ቢላዋውን ኬኩ ውስጥ እንደሰካው ቀረ።

ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። «ይህን ታርሚያለሽ።»

«የቱ ቃል ነው ውሸት? እሱን ላውጣልዎት።»

«ስሙንም ትቀይሪዋለሽ።»

«በደንቡ የታተመ ስም አይነሳም። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ስምዎ ይገባል ብለሽኝ...»

«አስገባሁት። የሰበሰቡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሰኞ ጠዋት እኔም አብሬያት ነበርኩ። የአዲስ ዝርያ የመጀመሪያ ናሙና ከሌሎቹ ተለይቶ በቀይ ክላሴር ነው የሚቀመጠው፤ ማንም ስለ ዝርያው ሊጽፍ ቢነሳ ወደዚያ ወረቀት መመለስ ግዴታው ነው። ያንኑ ከአበባው ጋር በወንበሩ ላይ የወረደውን ቅጠል ለጠፈችው። ከሥሩ ባሏና ኃላፊው፣ ስማቸው ጎን ለጎን ተጻፈ። ሙጫው እስኪይዝ በመዳፏ ተጫነችው።

«አሁንስ ይቅር ትይዋለሽ?» አልኳት።

«ለምን ብዬ?» አለች ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ። «ሰው ነገም ይኖራል አላለም? ይኑራ።»

ክላሴሩን ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገብታ የብረት በሩን ዘጋችው።