የሻጩ ከረባትና የካላንደሩ መኪና

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ከፋሲካ በኋላ በሠርግ ሰሞን ነው። ከአእምሮዬ የማይጠፋው አንድ ሙሉ ሰው ከረባቱን ይዤ በዲላ ከተማ መሐል ስላለፍኩ ነው። የሚያውቀኝ ሁሉ ስላየኝ መካዱ አያዋጣም፤ እኔው ብናገረው ይሻላል።

ዲላ ውስጥ ሱቅ አለኝ፤ ቡናም እገዛለሁ። ታላቋን ልጄን በላይነሽን ከዲላ በላይ ደጋው ላይ ላለችው ለቡሌ ሰው ስድር፣ ሙሽሪትን የያዘው መኪና ቡሌ ሊደርስ ሲል ዳገቱ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሰላሌ ያሉት ዘመዶቼ አያምኑኝም እንጂ በእኛ በኩል የሠርጉ ወርና የዝናቡ ወር አንድ ነው። በላይነሽ ነጭ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በእግሯ ገባች። አንድ ጫማዋ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። የቡሌ ሰዎች "የጭቃዋ ሙሽራ" የሚል ስም አወጡላት፤ ልጅ ወልዳም አልለቀቃትም።

ቀጥሎ ታናሿ ጽጌም ለቡሌ ሰው ታጨች። ደስ ብሎኝ ልመርቃት ስል፣

"አባባ፣ በዚያ ጭቃ ከሆነ አላገባም" አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እናቷ ግን አልሳቀችም። "ካለች አለች ነው፤ ልጅህን አታውቃትም?" አለችኝ። አውቃታለሁ፤ በእኔ ወጥታለች።

ሱቄ ግድግዳ ላይ አንድ የአዲስ አበባ መኪና ሻጭ ድርጅት የላከልኝ ካላንደር ተሰቅሏል። ካላንደሩ ላይ አንዲት ቆንጆ መኪና አለች፤ ከፊቷም ዊንች ታስሯል። ዊንች የሽቦ ገመድ የተጠቀለለበት ብረት ነው። ጭቃ ሲይዝህ ገመዱን ከዛፍ ጋር ታስረዋለህ፣ ሞተሩ ሲጠቀልለው መኪናዋ ራሷን ጎትታ ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልታይህ አለኝ። አሮጌውን መኪናዬን ሸጥኩና ለሰው ደብዳቤና ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ "በካላንደራችሁ ላይ ያለችውን መኪና፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ ላኩልኝ" ብዬ አስጻፍኩ። ዊንች የሚል ቃል አላስጻፍኩም። ለምን አስጽፋለሁ? ሥዕሉ ላይ አለ!

መኪናዋ ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ገባች። ይዟት የመጣው አቶ ተስፋዬ የሚባል የድርጅቱ ሻጭ ነው፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሽቅርቅር። ሰፈሩ በእልልታ ተቀበላት። እኔ በቀጥታ ወደ ፊቷ ዞርኩ። ባዶ ነው።

"ዊንቹስ?" አልኩት።

"እሱ ለሥዕሉ ማሳመሪያ ነው፣ ጋሼ። ለብቻው የሚታዘዝ ዕቃ ነው። ደግሞ ይቺ መኪና ጭቃ አትፈራም።"

"እሷ ባትፈራ ልጄ ትፈራለች!"

"በሉ መረከቢያው ላይ ይፈርሙልኝ፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ" አለና ሰዓቱን አየ።

ሰዓቱን ባያይ ኖሮ ምናልባት እታገሥ ነበር። ደሜ ፈላ። "በሕግ አምላክ! ቁም!" ብዬ ጮህኩ። በአባቴ አገር በሰላሌ ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ የልብሳቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር፤ ቋጠሮውን የሚያስፈታው ዳኛው ብቻ ነው። አቶ ተስፋዬ ግን ነጠላ አልለበሰም። ያለው ከረባት ነው። የጋቢዬን ጫፍ ከከረባቱ ጋር ቋጠርኩት፣ ካላንደሩን ከግድግዳ ነቅዬ ብብቴ ሥር ከተትኩና መንገድ ጀመርን።

መጀመሪያ ተሳደበ። በኋላ ግን ወደ ኋላ ሲቀር አንገቱ ይታነቃል፣ ሲቀድመኝ ጋቢዬ ከላዬ ይገፈፋል። ስለዚህ እንደ ወዳጅ ጎን ለጎን ሄድን። ባለሱቁ ሁሉ በር ላይ ወጣ። ዝናቡም ወረደብን።

ፍርድ ቤት ስንደርስ ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ ትክ ብለው አዩን። "ይህ ልማድ ከቀረ ስንት ዘመኑ! አዲስ ሕግ እኮ ወጥቷል! ፍታው!" አሉኝ።

ልፈታው ብል ቋጠሮው በዝናብ ርሶ ጠብቋል። መቀስ መጣ። እሱ ከረባቴ አይቆረጥም አለ፣ እኔም ጋቢዬ አይቆረጥም አልኩ። በመጨረሻ ከረባቱን ላላ አድርጎ በራሱ ላይ አወለቀው፤ ከጋቢዬ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የልጄን ሠርግም፣ ሻጩ "ጭቃ አትፈራም" ማለቱንም ነግሬ ካላንደሩን ለዳኛው ዘረጋሁላቸው። አቶ ተስፋዬ አንገቱን እያሸ፣ "ክቡር ዳኛ፣ ሥዕሉ ላይ ከመኪናዋ አጠገብ ቆንጆ ሴትም ቆማለች። እሷንም ልናመጣላቸው ነው?" አለ።

"እሷን ሚስቴ አትፈቅድልኝም፤ ዊንቹን ግን ፈቅዳለች" አልኩ።

ዳኛው ካላንደሩን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። "ሴትዮዋ አጠገቧ ነው የቆመችው። ይህ ብረት ግን መኪናዋ ላይ በቡሎን ታስሯል" አሉ። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞሩ። "ጭቃ አትፈራም ብለሃል። ነገ ቡሌ እንሂድ። ካልተያዘች መዝገቡ ይዘጋል። ከተያዘች ዊንቹን ከሠርጉ በፊት ታመጣለህ።"

በማግስቱ ሦስታችን ሄድን፤ እሱ እየነዳ፣ ዳኛው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እውነቱን ለመናገር ግሩም መኪና ናት። ዳገቱን እስከ ግማሽ ስትወጣው ልቤ ሁለት ሆነ፤ እንዳትያዝ ጸለይኩ፣ እንድትያዝም ጸለይኩ። ሁለተኛው ጸሎት ተሰማ። በላይነሽ ጫማዋን የጣለችበት ቦታ ላይ እስከ ሆዷ ሰመጠች።

የሰፈሩ ገበሬዎች የቃጫ ገመዳቸውን ይዘው መጡ። ፊት ፊት የመጡት አቶ በራሶ የሚባሉ አዛውንት ናቸው፤ የበላይነሽንም መኪና ያወጡት እሳቸው ነበሩ። በመስኮት ጎንበስ ብለው ዳኛውን አዩና፣ "ዘንድሮ ሙሽራ መነጽር አላት!" ብለው ጮሁ። ዳኛው እየሳቁ ሲወርዱ አንድ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀረ። አቶ ተስፋዬም ከኋላ ሲገፋ ጎማው የረጨበት ጭቃ ዓይኑን ብቻ አስቀረለት።

ዳኛው በአንድ እግራቸው ቆመው ፈረዱ። "ፍርድ ቤቱ ጭቃውን በዓይኑም በእግሩም አይቷል። ዊንቹ ይምጣ።"

ዊንቹ የሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ያመጣው ራሱ አቶ ተስፋዬ ነው፤ ያለ ከረባት። ገጣጥሞ ሲጨርስ መሽቶ ስለነበር እኛው ቤት አደረ፣ ለሠርጉም ቀረ።

በማግስቱ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ሙሽሪትን ይዘን ዳገቱ ላይ ስንደርስ ግን የተያዘው የእኛ መኪና አይደለም። የሙሽራው አባት ከነአጃቢያቸው የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ከፊታችን ሰምጦ ጠበቀን። በበላይነሽ ከሳቁት ሁሉ ድምፃቸው የሚጎላው እሳቸው ነበሩ። አቶ ተስፋዬ ሱሪውን ሰብስቦ ወረደና የሽቦ ገመዱን አሰረላቸው። ጽጌ በመስኮት አንገቷን አወጣች።

"አባባ፣ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ፤ የምኖረው እሳቸው ጋ ነው!"

እሳቸውን አውጥተን ቡሌ ገባን፤ ልጄ በነጭ ጫማዋ ደረቅ መሬት ላይ ስትወርድ አለቀስኩ። አቶ ተስፋዬን አቅፌ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከረባቱን ልመልስለት ብል፣ "እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ፤ እኔን ከእንግዲህ አንገቴን ያሳክከኛል" አለኝ።

ዛሬም ሰውን በከረባቱ መያዜ ያሳፍረኛል። የከፈልኩበትን ዕቃ አምጡ ማለቴ ግን አያሳፍረኝም።

ዘንድሮም ድርጅቱ ካላንደር ላከልኝ። ያው መኪና፣ ያው ዊንች፣ ያቺው ሴት። ከሥሩ ግን "ዊንቹ ለብቻው የሚታዘዝ ነው" የሚል አንዲት መስመር ተጨምራለች። ያቺን መስመር ያስጻፍኳት እኔ ነኝ። ያነበበችልኝ ግን ጽጌ ናት፤ ፊደሏ በጣም ከማነሷ የተነሣ በመነጽርም አልታይህ ብላኝ ነበር። ይህንንም ለአቶ ተስፋዬ እጽፍለታለሁ። ካልሰማኝ ጋቢዬ ታጥቧል።